ሁለቱ ኩዮች የት ያድራሉ?

በዚያ ወለሉ እንደ መስታወት በሚያበራ የከተማ ቤት ውስጥ ሁለት ኩዮች የት ያድራሉ?

ማማ ኤውላሊያ ይህንን ጥያቄ ከንጋት ጀምሮ ምድጃውን ጠየቁት፤ ምድጃው ጨሰ እንጂ አልመለሰም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቅዱስ ሥዕል ጠየቁት፤ እሱም እንደ ልማዱ ወደ ላይ ወደ ላይ ያያል። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ከምድጃው ሥር የሚርመሰመሱትን ኩዮች ራሳቸውን ጠየቁ። ጅራት የለሾቹ፣ ድቡልቡሎቹ፣ ከጥንቸል አነስ የሚሉት ፍጥረቶች ግን ጓዳው ውስጥ የሰው እግር በሰሙ ቁጥር የሚያስቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሣር መጣ። «ኩይ፣ ኩይ፣ ኩይ» እያሉ ባንድ አፍ አፏጩ።

«ሆዳሞች» አሉ ማማ ኤውላሊያ። «እኔ ስለ ዕጣችሁ እጨነቃለሁ፣ እናንተ ስለ ሆዳችሁ።»

«እማማ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣይው?» አለች የልጅ ልጃቸው ዴልፊና ከውጭ በኩል። በሩ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ትጎነጉናለች።

«ከማንም። አንቺስ? ይሄ ሦስተኛሽ ነው። ጸጉር ነው የምትጎነጉኝ ወይስ የአህያ መጫኛ ነው የምትገምጂው?»

«ጠምዛዛ ሆነብኛ።»

«ጠምዛዛስ ልብሽ ነው።»

ዴልፊና ሳቀች። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ዛሬ ሬናቶ እናቱን ይዞ፣ ከኩስኮ ከተማ ድረስ፣ እሷን ሊጠይቅ ይመጣል። ፊቷ ከማለዳው ብርድ ይሁን ከሌላ ነገር እንደ ቲማቲም ቀልቷል፤ ማማ ኤውላሊያ ያንን ፊት ባዩ ቁጥር ደስታና ፍርሃት ባንድ ላይ ደረታቸውን ይቆነጥጧቸዋል።

በሳያፓታ መንደር ልጅ የምትዳረው ብቻዋን አይደለም። ካሳደጋት ጓዳ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ኩይ፣ አንገታቸው ላይ ቀይ የሱፍ ክር ላላ ተደርጎ ታስሮላቸው፣ አብረዋት ይሄዳሉ። ሌላው ኩይ ለበዓል ይጠበሳል፤ ቀይ ክር ያሰረ ግን አይነካም፤ የአዲሱ ጎጆ ዘር ነው። ስለዚህ ጠያቂ ሲመጣ የልጅቱ ታላቅ ስለ መሬትም ስለ ከብትም አያነሣም። የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ታሳድሯቸዋላችሁ?» ነው። መልሱ ካልጣመ እሺታ የለም፣ የመጣም የጠጣውን ጠጥቶ ይሄዳል።

ማማ ኤውላሊያ ይህንን ጥያቄ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ሳይጠይቁት ቀርተዋል። የዴልፊና እናት ባሲሊያ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ሊማ ስትዳር የመጡት ሰዎች ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ንግግራቸው የሚፈጥን ነበርና አፈሩ። ኩዮቹ ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ በብርቱካን ሣጥን ውስጥ እንዳደሩ፣ የባሕሩ ጉም አርሷቸው በሦስተኛው ሳምንት እንደሞቱ የሰሙት ከዓመት በኋላ ነው። ባሲሊያም እዚያው ጣሪያ ላይ፣ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ታድር እንደነበር የሰሙት ደግሞ ሳንባዋ ታሞ ካለፈች በኋላ። ዴልፊናን የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለች በአውቶቡስ ላኩላቸው፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ እንደ ዕቃ። ኩዮቹ የሚያድሩበት ልጅቱም ታድራለች። ይህን ማማ ኤውላሊያ ከመጽሐፍ አላገኙትም።

ስለ ጣሪያው ለዴልፊና የነገሯት ገና ትናንት ነው፤ ድንች ሲልጡ።  ልጅቱ በእጇ የያዘችውን ድንች ምንም እስከማይቀረው ድረስ ላጠችው።

*

ሬናቶ በኩስኮ የስመ ጥር መድኃኒት ቤት ባለቤት የሆኑት ወይዘሮ፣ የዶኛ ግራሲዬላ አንድ ልጅ ነው። ዴልፊና ባለፈው ዓመት ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ገበያ አይብ ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን መጥቶ አይብ ገዛ። በማግስቱም ገዛ። በሦስተኛው ሳምንት «ይሄን ሁሉ አይብ ማን ይበላዋል?» ብትለው፣ «ማንም። እናቴ ቁም ሣጥኔ ሸተተ ብላ ሠራተኛዋን ልታባርራት ነው» አላት። ዴልፊና ይህንን ስትናገር ድፍን ገበያ እንደሳቀ ትናገራለች፤ ማማ ኤውላሊያ ግን ይጨነቃሉ፤ ያቺ ሠራተኛ ምን ሆነች?

ዴልፊና ወደ ኩስኮ መሄዱን ትታ አይቧን በመንደሯ መሸጥ ስትጀምር ደብዳቤዎቹ መጡ። በመድኃኒት መጠቅለያ ወረቀት ይጻፋሉ፣ እንደ ጉንፋን ቅባት ካምፎር ካምፎር ይሸታሉ፣ የአውቶቡሱ ሹፌር «የሳያፓታ ሕመምተኛ፣ መድኃኒትሽ መጣ» እያለ ከመስኮቱ ይወረውርላታል። ዴልፊና ለአያቷ ስታነብ የፍቅሩን ክፍል ትዘለዋለች። ማማ ኤውላሊያም አራተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋልና፣ የተዘለለውን በኋላ ብቻቸውን ሆነው፣ በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ ይመለሱበታል።

ሬናቶ ወጉን እንደሰማ የኩዮቹን ቤት ሥሎ ላከ። ሁለት ፎቅ ያለው፣ ወለሉ ሽቦ የሆነ፣ የወፍ ቤት።

«ይሄ ልጅ ኩይ ይበራል ያለው ማነው?» አሉ ማማ ኤውላሊያ። «ጻፊለት። ሽቦ ላይ የቆመ እግር ይቆስላል። ኩይ ወደ ላይ አይኖርም፣ ወደ ጎን ነው የሚኖረው። ሰፊ ይሁን፣ ዝቅ ያለ ይሁን።»

በሁለተኛው ደብዳቤ ዓሣ የሚኖርበትን ዓይነት የመስታወት ሣጥን ሣለ።

«አየሩስ? የገዛ ትንፋሻቸው አርሶ ይገድላቸዋል። ደሞ ቀን ሙሉ ሰው አፍጥጦ ያያቸዋል፣ የት ይግቡ? ሁለት መደበቂያ ይሥራላቸው በይው። እያንዳንዱም ሁለት ሁለት በር ይኑረው።»

«ለምን ሁለት፣ እማማ?»

«አንዱ የከፋው ቀን በአንደኛው በር ይገባል። ደካማዋ በሌላው ካልወጣች እዚያው ጥግ ይዟት ነው የሚውለው። አንድ በር ያለው ቤት ለጉልበተኛው ብቻ ነው ቤት።»

ሦስተኛው ሥዕል ሲመጣ ዴልፊና እየዘለለች ነው ወደ ጓዳ የገባችው። ሁሉም ነገር ነበረው። ስፋቱ፣ የሳንቃው ወለል፣ የገለባው ንጣፍ፣ ሁለቱ መደበቂያዎች፣ አራቱ በሮች። ጠርዙን ሰማያዊ ቀብቶታል። ከሥሩ ግን «ጣሪያችን ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ፀሐይ አለው» ይላል።

ማማ ኤውላሊያ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት። ከዚያ አጥፈው መለሱላት። «አይሆንም ብለሽ ጻፊ።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«አይሆንም አልኩሽ።»

ዴልፊና ምክንያቱን አታውቅም። እንባዋን በክንዷ እየጠረገች አንዲት መስመር ጻፈች፤ «አያቴ አይሆንም ብላለች»። ከዚያ ወዲያ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሹፌሩ ሲያልፍ እጁን ብቻ ያወዛውዝላት ነበር። ማማ ኤውላሊያ ልጅቱ በየዕለቱ መንገድ ዳር ቆማ ስትመለስ ያያሉ፤ ያን ጊዜ መናገር ነበረባቸው፣ ግን እናትሽ እንዲህ ሆና ሞተች ብሎ የሚጀምር አፍ ከየት ይመጣል? ባለፈው ረቡዕ ሹፌሩ አውቶቡሱን አቁሞ ወረደና በቃሉ ነገራት። «ቅዳሜ እናቴን ይዤ እመጣለሁ ብሏል።» ሌላ ነገር የለም። ሥዕልም የለም።

ዴልፊና ከመንገዱ እስከ ቤት ድረስ ሮጣ መጣች። ማማ ኤውላሊያ ልጅቱ እንደዚያ ስትሮጥ ያዩት በሰባት ዓመቷ ነበር።

*

እኩለ ቀን ላይ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና አቧራ እያስነሣች መጣች። ሬናቶ ከመሪው ጀርባ ወረደ። ቀጥሎ ዶኛ ግራሲዬላ ወረዱ፤ ግራጫ ካፖርት፣ የእጅ ጓንት፣ ረጅም ተረከዝ። ተረከዙ እንደወረዱ ጭቃው ውስጥ ገባ። ነቅለው አወጡት፤ ሁለተኛው ገባ።

«ይግቡ፣ ዶኛ ግራሲዬላ፣ ይግቡ» አሉ ማማ ኤውላሊያ። የበቆሎ ጠላ ቀዱላቸው፣ ንጹሕ ብርድ ልብስ አግዳሚው ላይ አነጠፉ፣ መልሰው አነሡት፣ ሌላ አነጠፉ። ዶኛ ግራሲዬላ ጓንታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ኩዮቹ ከምድጃው ሥር ሲያፏጩ ትከሻቸው ተሰበቀ።

ማማ ኤውላሊያ ግን በሩ ጋ ቆመዋል፤ ዓይናቸውም ጆሯቸውም ውጭ ነው። ሬናቶ ከመኪናው ላይ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ረጅም ነገር እያወረደ ነው። አንዱን ጫፍ እሱ ያዘ፣ ሌላውን ዴልፊና። በሁለቱ መካከል የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል ሳንቃ አለ፤ ዓይኖቻቸው ግን እንደዚያ የሚራራቁ አልነበሩም።

«ስድስት ሳምንት» አለች ዴልፊና ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አይሆንም ብለሽ ጻፍሽልኝ እኮ።»

«አይሆንም የተባለው ጣሪያው ነው።»

ሬናቶ መራመዱን አቆመ። «ጣሪያው?»

«እናቴ ጣሪያ ላይ አድራ ነው የሞተችው። እኔም ትናንት ነው የሰማሁት።»

«እኔ እኮ... አይሆንም የተባልኩት እኔ መስሎኝ ነበር። በየማታው ጽፌ በየጠዋቱ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። ምን ብዬ ልላክ?»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«አይሆንም የሚለውን ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ።»

«ይሄን ሁሉ ሳንቃስ ለምን ተሸክመህ መጣህ?»

«እኔን ባትፈልጉኝ ኩዮቹ ምን አደረጉ?»

ዴልፊና ልትስቅ አፏን ከፍታ አለቀሰች። ሳንቃው በእጇ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ እሱም በዚያኛው ጫፍ መንቀጥቀጡን በእጁ ሰማው፣ ፊቱም በራ። ማማ ኤውላሊያ ከበሩ ዘወር አሉ። 

*

ሣጥኑ በማጠፊያ የታጠፈ ነበር፤ ሬናቶ ጓዳው መካከል ዘረጋው። ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ጣውላው እንዳይሻክር በአሸዋ ወረቀት የተፈተገ። ከላይ ድመት እንዳይገባ ቀለል ያለ የሽቦ ክዳን አለው፤ ሁለት ጥጎቹ ላይ አንድ አንድ ትንሽ ጎጆ፣ ለእያንዳንዱ ጎጆ ሁለት በር።

«መሬት ላይ ተኝቼ በቁመቴ ለካሁት» አለ። «እኔን ከቻለ እነሱን አያቅታቸውም።»

ማማ ኤውላሊያ ዙሪያውን ሄዱ። ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱ። እንከን ፈለጉ፣ አጡ፣ አለማግኘታቸው ራሱ አስጨነቃቸው። አሁን ጊዜው ነው።  ዶኛ ግራሲዬላ የሚያብረቀርቅ ጫማ አድርገዋል፣ ንግግራቸው ፈጣን ነው፤ ልክ እንደዚያን ጊዜው።

«የት ታሳድሯቸዋላችሁ?» አሉ። ድምፃቸው ከጠበቁት በላይ ወጣ።

«በመመገቢያው ክፍል ውስጥ» አለ ሬናቶ። «ከመስኮቱ ሥር።»

ዶኛ ግራሲዬላ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «በእኔ መመገቢያ ክፍል? የዳኛው ሚስት በምትቀመጥበት? ጣሪያ ላይ ብዬህ ነበር። ጣሪያው ካልሆነ ግቢ አለ፣ መጋዘን አለ።»

«ጣሪያ ላይ ካደሩ እኔም ጣሪያ ላይ ነው የማድረው፣ እማዬ።»

«በል ብርድ ልብስ ያዝ። አይጥ እንዴት እንደሚተኛ ልንማከር ነው እንግዲህ ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣነው?»

ዴልፊና እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ ነበር፤ ድምጿ ግን ደርቋል። «ዶኛ ግራሲዬላ፣ ልጅዎን እወደዋለሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ደብዳቤ ሳይመጣ መንገድ ላይ የቆምኩት ስለምወደው ነው፤ ዛሬም ይዞኝ ቢሄድ በእግሬ ኩስኮ ድረስ እከተለዋለሁ። ግን እንግዳ ሲመጣ የሚደበቅ ነገር ሆኜ አልገባም። ኩዮቹ የሚያሳፍሩበት ቤት እኔም አሳፍራለሁ። ያኔ እዚሁ አይቤን እሸጣለሁ፣ እሱም እየመጣ ይግዛ።»

 ሬናቶ ልጅቱን ሲያያት፣ ሰው የገዛ ቤቱን ከሩቅ አገር ተመልሶ ሲያይ እንደሚያየው ነበር።

 የማማ ኤውላሊያ እጅ ሥራ ፈለገ። ጠዋት ለይተው በቅርጫት ውስጥ ያስቀመጧቸውን፣ ቀይ ክር ያሰሩትን ሁለት ኩዮች አንሥተው አዲሱ ሣጥን ውስጥ አስገቧቸው። ቢያንስ ቤቱን ይሞክሩት። ኩዮቹ ተሸታተቱ። ከዚያ ዳሌያቸውን እያወዛወዙ፣ በጉሮሯቸው እያጉረመረሙ፣ ይዞሩ ጀመር። ጥርስ ተንቀጫቀጨ።

ዶኛ ግራሲዬላ ብድግ አሉ። ጓንታቸውን አወለቁ። ጎንበስ ብለው አንዱን ኩይ በአንድ እጃቸው ከደረቱ ሥር አፈፍ አድርገው ገለበጡት፣ በአውራ ጣታቸው ከሆዱ በታች ጫን አሉት። መለሱትና ሁለተኛውን አነሡ። ሁሉም ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

«ሁለቱም ወንድ ናቸው» አሉ። «በሳምንት ውስጥ ይጨራረሳሉ።»

የተናገሩት በከተማው ቋንቋ አልነበረም። በደጋው ቋንቋ ነው፤ ማማ ኤውላሊያ ከእናታቸው ጡት ጋር በጠቡት ቋንቋ፣ እዚያው አካባቢ ያደገ ሰው ብቻ በሚያወጣው ቅላጼ።

ሬናቶ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ማማ ኤውላሊያ ኩዮቹን አንሥተው አዩ። እውነት ነው፣ ሁለቱም ወንድ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ኩይ አርብተው እንዲህ ዓይነት ስሕተት ተሳስተው አያውቁም። ከጭንቀት ነው? ወይስ እጃቸው፣ እሳቸው ሳያውቁ፣ ነገሩ እንዲበላሽ ፈልጎ ነበር? ፊታቸው በእፍረት ጋለ።

«እኔ ከእንዲህ ያለ ጓዳ ነው የወጣሁት» አሉ ዶኛ ግራሲዬላ፣ ዓይናቸውን ከሣጥኑ ሳያነሡ። «ልጄም አያውቅም። ስዳር እናቴ ሁለት ይዛልኝ መጣች፣ ቀይ ክር ያሰሩ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። አማቴ "ይሄ ምንድነው?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም ለእራት ነው አልኩ።»

«ታዲያስ?» አሉ ማማ ኤውላሊያ በቀስታ።

«ተጠበሱ። እናቴ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። በላሁ።»

«ክሩን ማን ፈታው?»

«እኔ።»

እሳቱ ውስጥ አንድ እንጨት ተሰበረ። ማማ ኤውላሊያ እኚህን ሴት፣ እኚህን ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሴት፣ ሲፈሩ የኖሩበት ፍርሃት የት እንደሄደ አላወቁም። ባሲሊያን በዓይነ ሕሊናቸው አዩዋት፤ እሷም እንዲህ አርጅታ፣ እንዲህ ተናግራ፣ አንድ ጓዳ ውስጥ ቆማ ብትሆን ምናለ ብለው ተመኙ።

«ማማይ» አሉ ዶኛ ግራሲዬላ። ማማይ፣ እናቴ ሆይ፤ በዚህ አገር ሰው አክብሮ ለወደዳት ሴት የሚላት ነው። «ሴቷን እኔ ልምረጥላቸው?»

«ይምረጡ» አሉ ማማ ኤውላሊያ።

ዶኛ ግራሲዬላ ካፖርታቸውን ሰብስበው አመዱ ላይ ተንበረከኩ። ምላሳቸውን ከላንቃቸው እያጋጩ ጠሯቸው፤ ኩዮቹም ካገር ቤት ሰው ጋር እንደተነጋገሩ ሁሉ ወጡላቸው። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን ቡናማ ሴት መረጡ። ከአንዱ ወንድ አንገት ላይ ክሩን ፈትተው እሱን ወደ ምድጃው ሥር ለቀቁት፤ ክሩንም ለሷ አሰሩላት። ጣታቸው ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ጥቂት ቆየ። ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጧት። ወንዱ ሊጠጋት ሲል በአንደኛው በር ገባች፣ ተከተላት፣ በሁለተኛው በር ወጥታ ገለባዋን ማኘክ ጀመረች።

«ይሄው» አሉ ማማ ኤውላሊያ፣ አንድ ነገር የረቱ ይመስል።

«ከመስኮቱ ሥር ግን አይሆንም» አሉ ዶኛ ግራሲዬላ እየተነሡ። «ነፋስ ያገባል፣ ከሰዓት በኋላ ደሞ ፀሐዩ ይመታቸዋል። በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ነው፣ የብርጭቆው ቁም ሣጥን ካለበት። ሰው ሲያወራ እየሰሙ ይለምዳሉ።»

«ቁም ሣጥኑስ?» አለ ሬናቶ።

«ይነሣል።»

«የዳኛው ሚስትስ?»

«ከመረጠች ትለምዳለች። ካልመረጠች ቆማ ትብላ።»

ዴልፊና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሬናቶ አንዱን እጇን ከአፏ ላይ አንሥቶ በእጁ ጨበጠው፤ የሁለት ሴቶች ዓይን እያየው፣ ምንም ሳያፍር። ከኮቱ ኪስ ውስጥ የተጣጠፉ የመድኃኒት ወረቀቶች ብቅ ብለው ይታያሉ፤ ያልተላኩት ደብዳቤዎች፣ የስድስት ሳምንት። ጓዳው በሙሉ ካምፎር ካምፎር ሸተተ።

ሁሉም ወደ ማማ ኤውላሊያ ዞሩ። ጠይቀዋል፣ ተመልሶላቸዋል። የቀረው የእሳቸው ቃል ነው።  ነፋሱ ቢበረታስ፣ ሠራተኛዋ ኩዮቹን ብትጠላቸውስ፣ ልጅቱ የእኔን ድንች ብትናፍቅስ...

«እሺ» አሉ።

ዴልፊና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ኮፍያቸው ወደቀ። ለማንሣት ማንም አላሰበም። በዚህ መካከል ከአዲሱ ሣጥን ውስጥ ፉጨቱ ተነሣ፤ «ኩይ፣ ኩይ፣ ኩይ»፤ ከምድጃው ሥር ያሉትም ተቀበሉ፣ ጓዳው ባንድ ጊዜ የሠርግ ቤት መሰለ። ማማ ኤውላሊያ የሣር ቅርጫቱን አዩና ደነገጡ። ባዶ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲጨነቁ የአልፋልፋ ሣር ማጨዱን ረስተውታል።

ዶኛ ግራሲዬላም ባዶውን ቅርጫት አዩ። ካፖርታቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ አጠፉት። ያንን ረጅም ተረከዝ ጫማ አውልቀው በበሩ ደፍ አጠገብ ጎን ለጎን አስቀመጡት። ማጭዱን ከግድግዳው ላይ አወረዱ፣ ቅርጫቱን ክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉ፣ በባዶ እግራቸውም ከቤት ወጡ።